በአሜሪካ መንገድ ዳር የታሪክ ሰሌዳ ለማስተከል፦ ከማስረጃ ፍለጋ እስከ ጥገና

በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ዳር፣ በካውንቲ (በግዛት ሥር ያለ የአስተዳደር ክልል) ፍርድ ቤቶች ደጃፍ፣ በአሮጌ ቤተ ክርስቲያኖችና በመቃብር ስፍራዎች አጠገብ በምሰሶ ላይ ቆመው የሚታዩት የታሪክ ሰሌዳዎች፣ አላፊ አግዳሚው በጥቂት መስመሮች የቦታውን ታሪክ ተረድቶ እንዲያልፍ የተዘጋጁ ናቸው። ብዙ ሰው እነዚህን ሰሌዳዎች መንግሥት በራሱ ተነሳሽነት የሚተክላቸው ይመስለዋል። ይሁን እንጂ ከመካከላቸው እጅግ ብዙዎቹ የቆሙት አንድ የሰፈር ማኅበር፣ አንድ ምእመናን ጉባኤ ወይም የአንድ ትምህርት ቤት መምህራን ጥያቄ አቅርበው፣ ማስረጃ አሰባስበውና ወጪውን ችለው ነው። ስለዚህ በሚኖሩበት ከተማ ሊታወስ ሲገባው የተዘነጋ ቦታ ወይም ሰው መኖሩን ካወቁ፣ ሰሌዳ የማስተከሉ ሥራ ከእርስዎ አቅም በላይ አይደለም። ሥራው የሚጠይቀው ትዕግሥትና ጥንቃቄ ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ ግን ሰሌዳው ላይ ለሚሰፍር ለእያንዳንዱ ቃል ማስረጃ ማቅረብ መቻልን ይጠይቃል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመው የቆሙትን ሰሌዳዎች ማንበብ ይልመዱ

አዲስ ሰሌዳ ከማሰብዎ በፊት በአካባቢዎ ያሉትን ዞር ብለው ያንብቡ፤ ሲያነቡም ከግርጌው ይጀምሩ። በአብዛኞቹ ሰሌዳዎች ግርጌ ያቆመው ድርጅት ስምና የቆመበት ዓመት ተጽፎ ይገኛል። ይህ መስመር ከዋናው ጽሑፍ ያልተናነሰ ነገር ይናገራል፤ ምክንያቱም ሰሌዳ ስለሚተርከው ዘመን ብቻ ሳይሆን ስለተተከለበት ዘመን አስተሳሰብም ምስክር ነው።

ለዚህ በሉዊዚያና ግዛት ከምትገኘው ከኮልፋክስ ከተማ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ሚያዝያ 13 ቀን 1873 በዚያች ከተማ የታጠቁ ነጮች በፍርድ ቤቱ ዙሪያ የተሰባሰቡ ጥቁር ዜጎችን አጥቅተው ብዙዎቹን፣ እጃቸውን የሰጡትን ጭምር፣ ገደሉ። ግዛቱ በ1950 ያቆመው ሰሌዳ ግን ድርጊቱን «የኮልፋክስ ሁከት» ብሎ ሰየመው፤ 3 ነጮችና 150 ጥቁሮች መሞታቸውን ጠቅሶም፣ ክስተቱ ከሰሜን የመጡ ሰዎች በደቡብ ላይ አስፍነውት ለነበረው ብልሹ አስተዳደር ማብቂያ እንደ ሆነ አወጀ። ገዳዮቹ እነማን እንደ ነበሩ በጽሑፉ ውስጥ አልተነገረም። ሰሌዳው የተነሣው በ2021 ነው፤ በ2023 ደግሞ ጭፍጨፋው በደረሰ በ150ኛው ዓመት የተገደሉትን የሚያስብ አዲስ መታሰቢያ ተመርቋል። አንድ የተሳሳተ ጽሑፍ ሰባ ዓመት በመንግሥት ስም ቆሞ ልጆች እያነበቡት ማደጋቸውን ሲያስቡት፣ ከዚህ በታች የሚዘረዘረው ጥንቃቄ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ይገባዎታል።

በመላ አገሪቱ የቆሙትን ሰሌዳዎች ከእነ ፎቶግራፋቸውና ከእነ አድራሻቸው የሚመዘግብ «ሂስቶሪካል ማርከር ዳታቤዝ» የተባለ በበጎ ፈቃደኞች የሚሞላ የመረጃ ቋት በኢንተርኔት ላይ ይገኛል። የካውንቲዎን ስም አስገብተው ይፈልጉ። ያሰቡት ታሪክ ቀድሞ ተመዝግቦ ከሆነ ድካም ይቀርልዎታል። ካልተመዘገበም ዝርዝሩን በአንድ ላይ ሲያዩት የማን ታሪክ በብዛት እንደተጻፈና የማን እንደተዘለለ ቁልጭ ብሎ ይታይዎታል፤ ይህም ለማመልከቻዎ ጠንካራ መከራከሪያ ይሆናል።

ማመልከቻው የሚቀርብለትን አካል መለየት

አሜሪካ አንድ አገር አቀፍ የመንገድ ዳር ሰሌዳ ፕሮግራም የላትም። እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ፣ የራሱ ቀለምና የራሱ የማመልከቻ ቅጽ አለው። ከቀዳሚዎቹ አንዱ የሆነው የቨርጂኒያ ፕሮግራም በ1927 ተጀምሮ ዛሬ ከ2,500 በላይ ሰሌዳዎች ያሉት ሲሆን፣ የሚያስተዳድረው የግዛቱ የታሪካዊ ቅርሶች መምሪያ ነው። ሰሜን ካሮላይና በ1935 ፕሮግራሙን አቋቁማ የመጀመሪያውን ሰሌዳ በ1936 በስቶቫል ከተማ የነጻነት አዋጁን ከፈረሙት አንዱ ለነበሩት ለጆን ፔን አቆመች። ፔንሲልቫኒያ ከ1946 ጀምሮ በሰማያዊና ወርቃማ ቀለማቸው የሚታወቁትን ሰሌዳዎች በታሪክና ሙዚየም ኮሚሽኗ በኩል ታቆማለች። በቴክሳስ ከ16,000 በላይ ሰሌዳዎች አሉ፤ በዚያ ማመልከቻው በቀጥታ ወደ ግዛቱ ኮሚሽን አይላክም፤ መጀመሪያ በካውንቲው የታሪክ ኮሚሽን በኩል ያልፋል።

ኒው ዮርክ ለየት ትላለች። ግዛቱ በ1926 የአብዮቱን 150ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ የጀመረውን ፕሮግራም በ1930ዎቹ መጨረሻ ካቆመ በኋላ ገንዘብ የሚገኝበት መንገድ ጠበበ። ዛሬ ይህን ክፍተት በሰፊው የሚሞላው በሲራክዩስ ከተማ የሚገኘው የዊልያም ጂ ፖምሮይ ፋውንዴሽን ነው። ፋውንዴሽኑ ለሰሌዳው ገንዘብ ይሰጣል፤ በምላሹም ለሚጻፈው እያንዳንዱ እውነታ ከዘመኑ የተገኘ ማስረጃ ይጠይቃል። ይህ ጥብቅነት አንዳንድ አመልካቾችን ያሰለቻል፤ በእኔ እምነት ግን ሌሎች ሁሉ ሊከተሉት የሚገባ ደንብ ነው።

ታሪኩ በመንጋ ፍርድ የተገደለ ሰውን የሚመለከት ከሆነ፣ በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ የሚገኘውን ኢኳል ጀስቲስ ኢኒሺየቲቭን ያነጋግሩ። በ2018 ለእነዚህ ግፉአን ብሔራዊ መታሰቢያ የከፈተው ይህ ድርጅት፣ ግድያው በተፈጸመበት ካውንቲ ከሚቋቋሙ የነዋሪዎች ጥምረቶች ጋር አብሮ እየሠራ ሰሌዳ ያቆማል። ድርጅቱ ከግለሰብ ይልቅ ከተደራጀ ጥምረት ጋር መሥራትን ስለሚመርጥ፣ ጎረቤቶችን፣ የሃይማኖት አባቶችንና ከተገኙም የሟቹን ዘመዶች አስቀድመው ማሰባሰብ ይገባዎታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያደናግረው አንድ ጉዳይ አለ። በ1966ቱ የቅርስ ጥበቃ ሕግ የተቋቋመው ብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ከመንገድ ዳር ሰሌዳ ጋር አንድ አይደለም። አንድ ሕንፃ በመዝገቡ ላይ ስለሰፈረ ብቻ ሰሌዳ አይተከልለትም፤ ሰሌዳ ያለው ቦታም በመዝገቡ ላይ የሌለ ሊሆን ይችላል። በተመሳሳይ፣ በመኪና አደጋ ለሞተ ሰው ቤተሰቡ በመንገድ ዳር የሚያቆመው መስቀል ወይም አበባ ከታሪክ ሰሌዳ ፕሮግራም ውጭ ነው። እንዲህ ያለው መታሰቢያ የሚመራው የግዛቱ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በሚያወጣው ደንብ ሲሆን፣ ደንቡም ከግዛት ግዛት እጅግ ይለያያል። አንዳንዱ ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ አንዳንዱ ይከለክላል፤ ፍሎሪዳን የመሰለው ደግሞ በራሱ የተዘጋጀ ክብ ምልክት ያቆማል።

ርእሰ ጉዳዩን ማጥበብ

«የሰፈራችን ታሪክ» ለሰሌዳ የሚበቃ ርእስ አይደለም፤ በጣም ሰፊ ነው። በአንጻሩ በአንድ የታወቀ ዓመት የተከፈተ የጥቁር ልጆች ትምህርት ቤት፣ የሥራ ማቆም አድማ የተጠራበት አዳራሽ፣ ስደተኞች የመሠረቱት የመጀመሪያ የዕርዳታ ማኅበር ቤት የመሰለው ጉዳይ አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜና ስማቸው የታወቀ ሰዎች አሉት። የሚመርጡት ታሪክ በጣት የሚያመለክቱት ቦታ ሊኖረው ይገባል።

የጊዜ ገደቡንም ያጣሩ። በቴክሳስ ደንብ መሠረት በጥቅሉ ርእሰ ጉዳዩ ቢያንስ 50 ዓመት ያለፈው መሆን አለበት፤ ሰው ከሆነ ደግሞ ከሞተ ቢያንስ 10 ዓመት ሊሆነው ይገባል። ሌሎች ግዛቶችም የየራሳቸው ገደብ አላቸው፤ ብዙዎቹም በሕይወት ላለ ሰው ሰሌዳ አያቆሙም። ከዚህ ሌላ ፔንሲልቫኒያና ሰሜን ካሮላይና ጉዳዩ ለመላው ግዛት ትርጉም ያለው መሆኑን እንዲያሳዩ ይጠይቃሉ። ያሰቡት ታሪክ የከተማውን ወሰን የማያልፍ ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ፤ ብዙ ከተሞችና ካውንቲዎች የራሳቸው ሰሌዳ ስላላቸው ወደዚያ መዞር ይሻላል።

ማስረጃ ማሰባሰብ

ማመልከቻዎች በአብዛኛው የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ገምጋሚዎቹ የሚፈልጉት ድርጊቱ በተፈጸመበት ጊዜ፣ በዚያው ዘመን ሰዎች እጅ የተጻፈ ሰነድ ነው። የከተማው የመቶኛ ዓመት መጽሔት፣ የቀድሞ ከንቲባ ትዝታ ወይም በኢንተርኔት የተገኘ ጽሑፍ መንገድ ሊጠቁምዎ ይችላል፤ ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ግን አይቻልም።

መነሻዎ የካውንቲው ፍርድ ቤት ይሁን። የመሬትና የቤት ሽያጭ ውሎች፣ የኑዛዜና የውርስ መዝገቦች፣ የጋብቻ ፈቃዶች በብዛት የሚገኙት በዚያ ነው፤ አንድ ቦታ በየትኛው ዓመት በማን ስም እንደነበረ የሚያረጋግጥልዎ ከሽያጭ ውል የተሻለ ነገር የለም። ቀጥሎ የሕዝብ ቆጠራ ቅጾችን ይመልከቱ። የግለሰቦች ስም ያለበት ቅጽ ለሕዝብ ክፍት የሚሆነው ከ72 ዓመት በኋላ በመሆኑ፣ እስካሁን ከተለቀቁት የመጨረሻው በሚያዝያ 2022 የወጣው የ1950 ቆጠራ ነው። የ1890 ቆጠራ በ1921 በደረሰ የእሳት ቃጠሎ ምክንያት ከጥቂቱ በስተቀር ስለጠፋ፣ ያን ዘመን በከተማ ነዋሪዎች ማውጫና በግብር መዝገብ መሙላት ይኖርብዎታል።

የእሳት አደጋ መድን ድርጅቶች ይጠቀሙባቸው የነበሩት የሳንቦርን ካርታዎች ለዚህ ሥራ ታላቅ ሀብት ናቸው። በእነዚህ ካርታዎች ላይ እያንዳንዱ ሕንፃ ቅርጹ፣ የተሠራበት ዕቃና ብዙውን ጊዜ አገልግሎቱ ጭምር ተመልክቷል። የተለያዩ ዓመታት ካርታዎችን ጎን ለጎን አስቀምጠው ሲያስተያዩ ቤቱ በየትኞቹ ዓመታት መካከል እንደተሠራና መቼ እንደፈረሰ ይደርሱበታል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እጅግ ብዙዎቹን በነጻ በኢንተርኔት አቅርቧል፤ «ክሮኒክሊንግ አሜሪካ» በተባለው ክፍሉም የቆዩ ጋዜጦችን ማንበብ ይቻላል።

ጋዜጣን ግን በጥንቃቄ ይያዙት። የዘመኑ ሰነድ መሆኑ እውነተኛ ያደርገዋል ማለት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በደቡብ ግዛቶች የታተሙ ብዙ ጋዜጦች በጥቁሮች ላይ የደረሰውን ግድያ የዘገቡት በገዳዮቹ ዐይን ነው፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው ቆስቋሾች ነበሩ። በመሆኑም አንዱን ዘገባ ከሌላ ከተማ ጋዜጣ፣ በጥቁሮች ባለቤትነት ከሚታተሙ ጋዜጦች፣ ከፍርድ ቤት መዝገብና ከቤተ ክርስቲያን መዝገብ ጋር ያመሳክሩ። ሁለት ምንጮች ሲጋጩ የሚወዱትን መርጠው ሌላውን አይደብቁ። ግጭቱን በማመልከቻው ላይ ይግለጹ፤ ሰሌዳው ላይ ደግሞ ሁለቱም የሚስማሙበትን ብቻ ይጻፉ።

የሽማግሌዎች ቃል የራሱ ክብር አለው። የተጻፈ መዝገብ እንዲኖራቸው ያልተፈቀደላቸው ሰዎች ታሪክ ብዙ ጊዜ የቆየው በአፍ ነው። ተናጋሪው በሕይወት እያሉ፣ በፈቃዳቸው፣ ድምፃቸውን ይቅረጹ፤ የተቀረጸበትን ቀን መዝግበውም ቅጂውን በአካባቢው ቤተ መጻሕፍት ያስቀምጡ። ከዚያም የነገሩዎትን ፍንጭ ይዘው ሰነድ ይፈልጉ። በቃል የተነገረ ስም አንዲት የመቃብር ድንጋይ ወይም አንድ የሽያጭ ውል ሲያስገኝ፣ የጽሑፉም የቃሉም ኃይል ይበረታል።

ጽሑፉን ማርቀቅ

ቨርጂኒያ የምትፈቅደው 100 ያህል ቃላት ነው፤ የሰሜን ካሮላይና ጽሑፍ ከዚያም ያጥራል። በዚህች ጠባብ ቦታ ላይ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ማን ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ መስጠትና ጉዳዩ ለምን እንደሚታወስ መናገር ይኖርብዎታል። ስለዚህ «ታላቅ»፣ «ዝነኛ»፣ «የተወደደ» ለሚሉ ቅጽሎች ቦታ የለም። ሰውየው የሠሩት ሥራ በትክክል ከተጻፈ ታላቅነታቸውን አንባቢው ራሱ ይፈርዳል።

«የመጀመሪያው»፣ «ብቸኛው»፣ «እጅግ ጥንታዊው» የሚሉትን ቃላት በተለይ ይጠርጥሩ። አንድ ትምህርት ቤት በግዛቱ የመጀመሪያው መሆኑን ለማረጋገጥ በግዛቱ ያሉትን ሌሎች ትምህርት ቤቶች ሁሉ ማጣራት ያስፈልጋል። «በ1868 ተከፈተ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ግን በአንድ ሰነድ ይጸናል፤ ነገ ሌላ ቀዳሚ ቢገኝም አይፈርስም።

ከዚህ የሚከብደው የድርጊቱን ትክክለኛ ስም መምረጥ ነው። ኅዳር 10 ቀን 1898 በሰሜን ካሮላይና በዊልሚንግተን ከተማ የታጠቁ የነጭ የበላይነት አራማጆች ጥቁር ዜጎችን ገድለው፣ በሕዝብ የተመረጠውን የከተማ አስተዳደር በኃይል አስወገዱ። ድርጊቱ ለረጅም ዘመን «የዘር ሁከት» ሲባል ኖሮ፣ በ2019 የቆመው የግዛቱ ሰሌዳ መፈንቅለ መንግሥት ብሎ ጠራው። ሁከት ሲባል ሁለት ወገኖች እኩል የተፋለሙ ይመስላል፤ መፈንቅለ መንግሥት ሲባል ግን ማን በማን ላይ ምን እንዳደረገ ይታወቃል። «ሕይወት ጠፋ»፣ «ቤቶች ተቃጠሉ» እያሉ አድራጊውን የሚሰውሩ ዐረፍተ ነገሮችንም ያስወግዱ። ማን እንደገደለ የሚያረጋግጥ ሰነድ ካለዎት ይጻፉት።

ሰዎችን ስለምንጠራበት ስምም ይጠንቀቁ። በኒው ሜክሲኮ ግዛት በሳንታ ፌ አደባባይ በ1868 የቆመው የወታደሮች ሐውልት ነባር ሕዝቦችን «አረመኔ» የሚል ጽሑፍ ነበረው። በ1974 አንድ ሰው ያቺን ቃል በመሮ ፈልፍሎ አጠፋት፤ በ2020 ደግሞ ሐውልቱ ራሱ ተገፍትሮ ፈረሰ። ስለ አንድ ሕዝብ የሚጻፍ ከሆነ ረቂቁን ለዚያ ሕዝብ አባላት አስቀድመው ያሳዩ፤ ጉዳዩ ነባር ሕዝብን የሚመለከት ከሆነም የነገዱን አስተዳደር በይፋ ያማክሩ። ከተተከለ በኋላ ከመከራከር አስቀድሞ መስማት በሁሉም መንገድ የተሻለ ነው።

ግዛቱ ረቂቅዎን ሊያስተካክል እንደሚችልም ይወቁ። ብዙ ፕሮግራሞች የመጨረሻውን ጽሑፍ የማጽደቅ መብት ለራሳቸው ይዘዋል፤ አንዳንዶቹ እንደ አዲስ ይጽፉታል። የተስተካከለው ሲመለስልዎት እያንዳንዱን ቃል ከማስረጃው ጋር እንደገና ያስተያዩ።

ቦታና ፈቃድ

ሰሌዳው የሚቆምበት መሬት በግል ይዞታ ከሆነ የባለቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ያግኙ። በመንገድ ክልል ውስጥ ከሆነ ደግሞ መንገዱን የሚያስተዳድረው አካል፣ ማለትም የግዛቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት፣ ካውንቲው ወይም ከተማው መፍቀድ አለበት። ድርጊቱ የተፈጸመበት ትክክለኛ ቦታ መኪና የማይቆምበት ጠመዝማዛ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን ሰሌዳውን አንባቢ በደኅና ሊቆም ወደሚችልበት ቦታ ማራቅና በጽሑፉ ላይ ርቀቱንና አቅጣጫውን መጥቀስ የተለመደ ነው። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰውም ቀርቦ ማንበብ መቻሉን ያረጋግጡ። ጉድጓድ ከመቆፈርዎ በፊት በመላ አገሪቱ ወደሚሠራው 811 ይደውሉ፤ ከመሬት በታች ያለፉትን የጋዝ፣ የመብራትና የስልክ መስመሮች በነጻ ምልክት ያደርጉልዎታል።

በሕዝብ መናፈሻ ላይ ማቆም ለሚያስብ ሰው ሊታወቅ የሚገባው የፍርድ ውሳኔ አለ። በዩታ ግዛት የፕሌዛንት ግሮቭ ከተማ ላይ በቀረበ ክስ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2009 በሕዝብ መናፈሻ ውስጥ የሚቆም ቋሚ ሐውልት የመንግሥት ንግግር ነው ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በተግባር ትርጉሙ ከተማው የሌላውን ሐውልት ስለተቀበለ ብቻ የእርስዎንም እንዲቀበል በሕግ ማስገደድ አይችሉም ማለት ነው። ስለዚህ የከተማውን ምክር ቤት አባላት አንድ በአንድ ማነጋገር፣ በይፋ ስብሰባ ላይ ማስረጃን ይዞ መቅረብና የነዋሪዎችን የድጋፍ ደብዳቤ ማያያዝ የግድ ነው።

ወጪና አሠራር

በአብዛኛው ግዛት ወጪውን የሚሸፍነው አመልካቹ ሲሆን፣ መጠኑም እንደ ሰሌዳው ስፋትና እንደ ግዛቱ ቢለያይም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። ገንዘቡን ማሰባሰብ ያለብዎት ጽሑፉ ከጸደቀ በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ ከዚያ በፊት ገንዘብ የሰጠ ሰው ጽሑፉ ላይ የማዘዝ መብት ያገኘ ሊመስለው ይችላል።

ብዙዎቹ ሰሌዳዎች የሚሠሩት ከአሉሚኒየም ነው። የጽሑፉ ሞዴል በአሸዋ ላይ ታትሞ በሚፈጠረው ሻጋታ ውስጥ የቀለጠ አሉሚኒየም ይፈስሳል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ይጸዳል፤ ይቀባል፤ ከፍ ብለው የወጡት ፊደሎችም በሌላ ቀለም ይደምቃሉ። በዚህ ሥራ ከታወቁት መካከል በኦሃዮ ግዛት በማሪዬታ ከተማ ከ1927 ጀምሮ የሚሠራው ሲዋ ስቱዲዮስ ይገኝበታል። አንዴ የፈሰሰ ፊደል ስለማይታረም፣ የመጨረሻው ናሙና ሲላክልዎት ጽሑፉን ፈጽሞ አይተውት ለማያውቁ ሁለት ሰዎች ይስጡ፤ ቀኖችንና የሰዎችን ስም ደግሞ ከረቂቁ ሳይሆን ከዋናው ሰነድ ጋር ያመሳክሩ። የስም አጻጻፍ ስህተት ያለበት ሰሌዳ የሚታሰበውን ሰው ቤተሰብ ያሳዝናል፤ ለማስተካከልም ዳግም ሙሉ ወጪ ይጠይቃል።

ከምረቃው በኋላ

የምረቃውን ቀን ከታሪኩ ቀን ጋር ማገጣጠም ጥሩ ነው፤ የሚመለከታቸውን ቤተሰቦች ከባለ ሥልጣኖች አስቀድመው ይጥሩ። ዋናው ሥራ ግን ጥበቃው ነው፤ አንዳንድ ታሪክ ጠላት አለውና።

የ14 ዓመቱ ጥቁር ልጅ ኤሜት ቲል በ1955 በሚሲሲፒ በነጮች ከተገደለ በኋላ፣ አስከሬኑ ከታላሃቺ ወንዝ የወጣበትን ቦታ የሚያመለክተው ሰሌዳ ተሰርቋል፤ በተደጋጋሚም በጥይት ተበሳስቷል። መታሰቢያውን የሚከባከበው ኮሚሽን ተስፋ ሳይቆርጥ እየተካ፣ በ2019 ጥይት የማይበሳው ሰሌዳ አቆመ። ግራቦል ላንዲንግ የሚባለው ይህ ቦታ በ2023 ለልጁና ለእናቱ ለሜሚ ቲል ሞብሊ በተሰየመው ብሔራዊ መታሰቢያ ውስጥ ተካትቷል። የእርስዎ ሰሌዳ ጥቃት ሊደርስበት ይችላል ብለው ከሠጉ፣ ሲያሠሩት ጠንካራ ምሰሶ ይዘዙ፤ የሚያየው ሰው በማይጠፋበት ስፍራ ያቁሙት፤ ጉዳት ሲደርስም ፎቶ አንሥተው ለፖሊስና ለግዛቱ ፕሮግራም ወዲያውኑ ያሳውቁ።

ለተለመደው ጽዳት ለስላሳ ሳሙናና ውኃ ይበቃል፤ የሽቦ ብሩሽ ቀለሙን ስለሚልጠው አይጠቀሙበት። ፊደሎቹ ሲደበዝዙ ሰሌዳው የግዛቱ ንብረት ሊሆን ስለሚችል ያለ ፈቃድ አይቀቡት። ማን እንደሚጠግነው፣ ወጪውን ማን እንደሚችለው ገና ከመተከሉ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ፤ ኃላፊነቱንም ከአንድ ሰው ይልቅ እንደ ቤተ መጻሕፍት ወይም እንደ ታሪክ ማኅበር ላለ ተቋም ይስጡ። የሰበሰቡትን ማስረጃ ሙሉ ቅጂም ለዚያው ተቋም ያስረክቡ፤ ከዓመታት በኋላ አንድ ሰው ጽሑፉን ቢጠራጠር ወይም አዲስ ሰነድ ቢያገኝ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር ከየት እንደመጣ ተመልክቶ ማጽናት ወይም እንዲታረም ማመልከት ይችላል።